«ቨርቹ» በአማርኛ ማን ትባላለች?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የምገለብጠው ውክልና፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ውል ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንዲት ልጅ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ቅጽ ይዛ መጣች። እናቷ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ነው ያሳደገቻት። ቅጹ፣ ከቤተሰብሽ የተማርሽውን አንድ «ቨርቹ» (virtue) በ500 ቃል ጻፊ ይላል። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ የቸገራት ሌላ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ካላሰብኩት የምጽፋት ሴት እናቴን አትመስለኝም አለችና፣ ይቺ ቃል በእኛ ምን ትባላለች ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት በቃል እንጀራ የበላሁ ሰው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚህች ቃል ጋር የቆየ ቂምም አለኝ። ገና ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ሰነድ ላይ «ባይ ቨርቹ ኦፍ ሂዝ ኦፊስ» የሚል ሐረግ ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩና ቃል በቃል አሰፈርኩት፦ «በቢሮው መልካም ምግባር»። መባል የነበረበት «በያዘው ሥልጣን መሠረት» ነው። ማኅተም አርፎበት ከሄደ በኋላ ጠበቃው ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ፤ ምግባሩ እንዲህ ያማረ ቢሮ ካለ እኔንም አስቀጥሩኝ ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። የእርማቱ ወጪ ከእኔ ደመወዝ ተቆረጠ።

እስኪ ያሉንን ቃላት እንያቸው። «በጎነት» ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉን ያቅፋል፣ ሁሉን ስለሚያቅፍ ምንም አይጨብጥም። «ምግባር» ብቻውን ወደየትም አያዘነብልም፤ ምግባረ ሠናይ አለ፣ ምግባረ ብልሹም አለ። «ግብረ ገብ» ስንል ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይሸታል። «ጽድቅ» ደግሞ ወዲያኛው ዓለም ይሻገራል። «ደግነት» ከእጅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጀግና ሆኖ ቋጣሪ የሆነ ሰው ቨርቹ አለው ይባል ይሆናል፣ ደግ ነው ግን ማንም አይለውም። «ጨዋነት» ትቀርባለች፤ እሷም ግን ልክ አትገጥምም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አማርኛ ለዚህች ቃል አቻ የለውም። ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ ይምጣ።

(ይህን ከለጠፍኩ አምስት ቀን ሆነ። የመልሱ ክር ረዘመ፣ የጻፉትን መልሰው ያጠፉም አሉ። አሁን ለሚገባ ሰው እንዲመች የመጣውን መልስ በየቁጥሩ በራሴ አፍ እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ስድቡንም አልፌዋለሁ።)

መልስ 1። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሰላምታው ብቻ አራት መስመር ይወጣዋል። ቃሏ ሥሯ ላቲን መሆኑን፣ «ቪር» ወንድ ማለት እንደሆነ፣ «ቪርቱስ» ሮማውያን ዘንድ መጀመሪያ የጦር ሜዳ ወንድነት እንደነበረች አስረዳን። በኋላ የግሪኮቹን «አሬቴ» ለመተርጎም ሲገለገሉባት ሰፋች። አሬቴ ደግሞ የሰው ብቻ አይደለችም፤ ፈረስም አሬቴ አለው፣ ቢላም አለው። የፈረሱ መሮጡ፣ የቢላው መቁረጡ ነው። ቃሏ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ገባች። መጨረሻ ላይ እኔን በትሕትና አረመኝ፤ አቻ የለም ከማለቴ በፊት የትኛዋን ቨርቹ እንደምፈልግ ልናገር ይገባኝ ነበር። እውነቱን ነው። ትንሽ አፈርኩ።

መልስ 2። ባለ አንድ መስመር። 2ኛ ጴጥሮስ 1፥5 ላይ እንግሊዝኛው ቨርቹ ያለውን አማርኛው በጎነት ስላለው ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ሰው ስብሰባ ላይም አለ፤ ቦርሳውን አንሥቶ ቆሞ ነው የሚናገረው።

መልስ 3። ሽምብጥ ሰፈር ተወልዶ አሁን ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ነው፤ የ2ን በር መልሶ ከፈተው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመውን የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ አንሥቶ ማርቆስ 5፥30ን እንድናይ ጋበዘን። ደም የሚፈሳት ሴት የልብሱን ጫፍ ስትነካ ከጌታ የወጣው ነገር እዚያ ቨርቹ ነው የሚባለው። እኛ ጋ ግን በጎነት ወጣ አይልም፤ ኃይል ወጣ ነው የሚለው። ወደ ምሳሌ 31፥10ም ወሰደን። እንግሊዞቹ ቨርቹየስ የሚሏትን ሴት የእኛው «ልባም ሴት» ይላታል፤ የዕብራይስጡ ቃል ደግሞ «ሐይል» ነው፣ የግእዙ «ኃይል» ወንድም። ብርታትም ሠራዊትም ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቃሏን ከምግባር ሰፈር ስፈልጋት እሷ ለካ ኃይል ሰፈር ኖራለች።

መልስ 4 እና 5። የመጀመሪያው፣ «ኃይል» የሚለው ቃል በየትኛው «ሀ» ይጻፋል በሚለው ላይ ነው። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አየሁ ብሎ ተማረረ። ተከታዩ ብዙኃኗ «ኃ» ትክክል እንደሆነች ተናግሮ፣ በዚህ ቤት ሁሌም ጭቅጭቁ እንዲህ እንደሚጀመር አስታወሰ። ከዚህ በላይ አልተርክም፤ እድሜ ይበላል።

መልስ 6። ፋርማሲ የምትሠራ እህት ናት። ለኃይሉ ነገር ማስረጃ አመጣች። የድሮ እንግሊዞች የመድኃኒት ዕፅ መጻሕፍት እያንዳንዱ ቅጠል ምን እንደሚያድን የሚዘረዝሩበትን ክፍል የቅጠሉ ቨርቹ ነው የሚሉት። እና አያቷ ዳማ ከሴ ኃይሉን የሚያጣው ሲደርቅ ነው የምትለው ነገር ትዝ አላት። ዳማ ከሴ በጎ ምግባር የለውም፣ ጨዋም አይደለም፤ ኃይል ግን አለው። መልስ 1 ካመጣው ቢላ ጋር ይገጥማል። በነገራችን ላይ ጤና አዳም ከየት ጥሩ ይገኛል ብላም ጠየቀች፤ አራት ሰው መለሰላት፤ አራቱንም አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 7። የፖሊ ግቢ ተማሪ። ቨርቹ የቨርችዋል እህት ከሆነች፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ያመለጠው የቨርችዋል ትምህርት የምግባር ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበት እንደሆነ ጠየቀ። ምክትል ፕሬዝዳንትን ቫይስ ስለሚሉትም የክፋት ፕሬዝዳንት መሆኑ ነው ብሎ ቀለደ፤ ቫይስ የቨርቹ ተቃራኒ ናትና።

መልስ 8። 1 ተመልሶ መጣ። ግማሹን ቀልድ እውነት፣ ግማሹን ውሸት አደረገው። ቨርችዋል በእርግጥ ከዚያው ሥር ናት፤ በአካል ባይኖርም በኃይሉ እንዳለ የሚቆጠር ነገር ማለት ነበረች። ሁለቱ ቫይሶች ግን ዝምድና የላቸውም። ክፋቱ «ቪቲየም» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የምክትሉ ቫይስ «በእገሌ ፈንታ» ከሚል ከሌላ ቃል ነው። ልጁ አመስግኖ፣ ቢሆንም ከአንዳንዱ ምክትል ጋር ቀልዱ ይሠራል አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ማንም አልተቃወመውም።

መልስ 9። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ «ካርዲናል» ያላቸውን አራቱን ቨርቹዎች ዘረዘረ፦ ማስተዋል፣ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት። ከ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥13 እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ሲጨመሩ ሰባት ይሆናሉ። «ካርዶ» ማለት በላቲን የበር ማጠፊያ እንደሆነም ጨመረ።

መልስ 10። ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የሚሠራ አናጺ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያነብ የገባው ነገር ማጠፊያው ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ግን እውነት እንደሆነ መሰከረ፤ ሳንቃው የቱንም ያህል ዋንዛ ቢሆን ማጠፊያው ከላላ በሩ መሬት ይጎትታል። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም።

መልስ 11። እዚህ ላይ አየሩ ተለወጠ። ጻፊዋ ሴት ናት። ከላይ ያሉት ወንዶች ሁሉ የረሱት አንድ ትርጉም እንዳለ ነገረችን። ከ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ጀምሮ የሴት ቨርቹ ሲባል ብርታቷም፣ ፍትሕ ማወቋም፣ ማስተዋሏም ቀርቶ ወንድ አለማወቋ ብቻ ሆነ። «ቨርቹዋ የቀለለ ሴት» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ምን ማለት እንደሆነ ልተርጉምላችሁ አልልም ብላ አለፈችው። ወንድነት ማለት የነበረች ቃል ሴት ላይ ስትደርስ ከወገብ በታች መውረዷ አስገርሟት፣ 3 ያመጣት የምሳሌ 31 ሴት እርሻ ገዝታ ወይን የተከለች፣ በንግዷ ያተረፈች መሆኗን አስታወሰች። ስለ መጋረጃና ስለ ድንግልና አንድ መስመር የለም እዚያ።

መልስ 12። ይሄ ወንድም የፈረንጅ ጣጣ ወደ ባህላችን አታምጪ አላት። አማርኛው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም ባይ ነው። ቃናው ደስ አይልም ነበር።

መልስ 13። እድሜያቸው የገፋ ሰው ይመስላሉ፤ አንቱ ብዬ እቀጥላለሁ። 12ን በጨዋ ደንብ አስቀመጡት። ሴት ልጅ ጨዋ ናት ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደሚገባው፣ ወንድ ልጅ ጨዋ ነው ሲባል ደግሞ ምን እንደሚገባው አነጻጽር ብለው ጠየቁት። የወንዱ ጨዋነት ትልቅ ሰው ሲመጣ መነሣትና አለመሳደብ ነው። የሴቷ ሌላ ነው። ስለዚህ ጣጣው ከፈረንጅ አልመጣም፤ እዚሁ ቀበሌ ነው ያደገው። 12 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 14። ታሪክ አንባቢ ነኝ የሚል ሰው ጨዋን ከ13 ተቀብሎ ወደ ኋላ ሮጠባት። በመካከለኛው ዘመን «ጨዋ» የንጉሥ ጭፍራ ስም ነበር፤ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.፣ በየጠረፉ የሰፈረው የጦር ክፍል ጨዋ ነው የሚባለው። በቤተ ክህነት አፍ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ዜማና ቅኔ የማያውቅ ምእመን ነው፤ ጎጃም ውስጥ ዛሬም ይሰማል። ከዚያ የደህና ቤተሰብ ልጅ ሆነ፣ ከዚያ ሥርዓት ያለው ሰው። ከቪርቱስ ጋር አስተያዩት አለን፦ ሁለቱም ቃላት ጋሻና ጦር ይዘው ተነሥተው ሳሎን ገብተው ነው የተቀመጡት። 1 ወዲያው ገብቶ ይህን አላሰብኩትም ነበር ብሎ አመሰገነ። እኔም ጨዋነትን አቻ አድርጌ ልመርጥ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

መልስ 15። እጄን ያስነሣኝ ይህ ነው። ጻፊው ጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው፤ ራሱ ነው የተናገረው። አያቱ ከደንገል ታንኳ ይሠሩ ነበር። በእሳቸው ታንኳ ከዘጌ እንጨትና ቡና ወደ ባሕር ዳር ገበያ ተሻግሯል፣ መነኮሳት ወደ ክብራን ገብርኤል ተሻግረዋል። ያ ሁሉ የተሻገረ ሰው ግን ከአያቱ ገበታ እጁን አይሰድም ነበር። በልጅነቱ «የጨዋ ልጅ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰማው አንድ ትርጉም ብቻ ነው፦ አንተ ያልሆንከው። ስለዚህ የሞራል ልዕልናን በዚህ ቃል ከተረጎማችሁ፣ አያቴ በትርጉም ስሕተት ከበጎ ሰዎች መዝገብ ወጡ ማለት ነው ብሎ ጻፈ። ቁጣው ቀዝቃዛ ነበር፤ አንድም የቃለ አጋኖ ምልክት የለበትም።

መልስ 16 እና 17። አንዱ ፖለቲካ አታስገባ፣ ያለፈ ነገር ነው አለው። ሁለተኛው፣ እሱም ከሐይቁ ዳር ነው፣ ያለፈ ከሆነ ባለፈው ጥር በተጠራበት ሠርግ ለእነ እንትና ለምን ለብቻ ዳስ እንደተጣለ እንዲያስረዳው 16ን ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ስድስት ያህል መልስ ስድብ ሆነና የቤቱ ጠባቂ አነሣው፤ ቁጥሩም የሚዘለው ለዚህ ነው። እኔ ከ15 ጋር ነኝ። ጨዋነትን ከዝርዝሬ ሰረዝኳት። ማታ ቤት ገብቼ ልጄን ጨዋ ሁን አልኩት፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የነቃሁት።

መልስ 24። ረጅሙ መልስ ይህ ነው፤ እኔም ረዘም አደርገዋለሁ። ጻፊው ድሮ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። እኛ ሁላችን አማርኛው ውስጥ ስንዳክር ግእዙ ደጃፋችን ላይ ተቀምጧል ብሎ ጀመረ። ቃሉ «ትሩፋት» ነው። ገድልና ትሩፋት ሲባል የምንሰማው። ሥሩ «ተረፈ» ሲሆን፣ በግእዝ ቀረ ማለትም በለጠ ማለትም ይሆናል። የነጋዴው ትርፍ ከዚያ ነው፤ ተረፈ ኤርምያስም ከዚያ። ስለዚህ ትሩፋት ማለት ከታዘዘው በላይ ተርፎ የሚሠራ በጎ ሥራ ነው። በምሳሌ አስረዳ፦ ሰባቱ አጽዋማት ግዴታ ናቸው፤ የጽጌ ጾም ግን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የፈቃድ ነው። የሚጾመው ትሩፋት ይሠራል፣ የማይጾመው አይኰነንም።

ከዚያ ወደ ራሱ ታሪክ ገባ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በዘጌ ማዶ መንደሮች በእንተ ስማ ለማርያም ይል ነበር። አብዛኛው ቤት ቁራሽ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ውሻ ይለቅበታል። አንዲት እናት ግን ነበሩ። ሌላው ቤት ልጆች በልተው ከሞሰቡ ሥር የቀረውን ነበር የሚሰጠው። እሳቸው ሊጥ ሲያቦኩ ለስንት ሰው እንደሚያቦኩ ይቆጥራሉ፤ አምስት ልጅ፣ ባል፣ እሳቸው፣ ከዚያ አንድ። ያቺ አንድ እንጀራ ከምጣዱ እንደወጣች ለብቻዋ ትቀመጣለች፤ ቤተሰቡ ገና አልቀመሰም። አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ሳይሄድ ቀረ። በማግስቱ ሲደርስ የትናንቷም የዛሬዋም ተቀምጠው ጠበቁት፤ የትናንቷ ጠርዟ ደርቋል። ለምን ልጆቹ እንዳልበሏት ሲጠይቅ ሴትዮዋ ጥያቄው አልገባቸውም። የሰው ነገር እንዴት ይበላል ዓይነት ነበር አስተያየታቸው። ያችን ሴትዮ ቨርቹ ቢሏቸው ምን እንደሚሉ ባያውቅም፣ የኔታ ትሩፋት የሚለውን ቃል ሲያስተምሩት ግን እሱ ያየው ያችን የደረቀች ጠርዝ ነው።

መልስ 25። አንድ ሰው ትሩፋትን አጣጣለው። ቴሌቪዥኑ የፕሮጀክቱ ትሩፋት፣ የልማቱ ትሩፋት እያለ ቃሉን ጥቅም ማለት አድርጎታል፤ ዛሬ ትሩፋት ብትል ሰው የሚጠብቀው መንገድና መብራት ነው። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ግን መቆም ሲገባው ቀጠለ፤ ለመሆኑ ከትራፊ ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል እንዴት ክቡር ይሆናል፣ የቆሎ ተማሪስ የሚበላው ትራፊ አይደለም ወይ አለ።

መልስ 26። 24 ነው። ሁለት መስመር ብቻ። ጽሑፉን መልሶ እንዲያነብ፣ በተለይ የሊጡን ቆጠራ እንዲያነብ ነገረው። ትራፊ ከተበላ በኋላ የሚቀር ነው፤ ያቺ እንጀራ ግን ማንም ሳይበላ ነበር የተለየችው። ወንድሜ የሚለውን ቃል ከአረፍተ ነገሩ ማውጣቱን ልብ ብያለሁ።

መልስ 27። ፎገራ አካባቢ የመጣ ገበሬ ልጅ ነገሩን ወደ እምቦጭ ወሰደው፤ ጣና ዳር ወሬ ሁሉ መጨረሻው እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቱ በየዓመቱ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ አበል የለ፣ ጓንት የለ፣ አልቅቱ እንጂ። ከከተማ የሚመጡ ሰዎችም አሉ፤ አዲስ ቦቲ ጫማ አድርገው አንድ ጭብጥ ነቅለው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ፈረንጆች ለዚህ «ቨርቹ ሲግናሊንግ» የሚል ቃል እንዳወጡ ሰምቷል፤ አማርኛው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

መልስ 28፣ 29፣ 30። ለታይታ ነው አሉት፣ ሦስቱም። ለዚህኛው አቻ ፍለጋ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። 29 ግን ለታይታም ቢሆን የተነቀለው አረም ተነቅሏል ብሎ ተከራከረ። 30 ያቺ አንድ ጭብጥ በጥቂት ሳምንት እጥፍ ሆና እንደምትበቅል ስለሚያውቅ አልተዋጠለትም። ከዚያ ማሽኖቹ የት ደረሱ፣ በጀቱ የት ደረሰ ተባለ፤ ይህንንም አልፌዋለሁ።

መልስ 31። 3 ነው፣ ባሕር ማዶ ያለው። ሌሊት በእሱ ሰዓት ጻፈ፤ እንቅልፍ የነሣው ትሩፋት ነው። ለካ እንግሊዞችም ለያችኛዋ እንጀራ የተለየ ቃል አላቸው፤ ቨርቹ ግን አይደለችም። «ሱፐርኤሮጌሽን» ይሏታል፤ ከሚገባው በላይ መክፈል። ቃሏ የመጣችው ከላቲኑ ሉቃስ 10፥35 ነው፤ ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ያለበት ቦታ። ያችው «በላይ» ናት። ስለዚህ 24 ያመጣው ቃል ለቨርቹ ሁሉ አቻ ሊሆን አይችልም፤ ለአንዷ ጫፏ ግን ከቨርቹም ይበልጥ ይገጥማል። ቀሪውን ኃይል፣ በጎነትና ልባምነት እየተካፈሉ ይያዙት ባይ ነው። አናጺው (10) ገብቶ፣ አንድ መሮ ለሁሉም እንጨት አይሆንም ብሎ አጸደቀለት።

አቋሜን አንሥቻለሁ። አቻ የለውም ያልኩት ልክ አልነበረም፤ አማርኛ ቤቱን ለብዙ ልጅ አውርሶ ነው። ተርጓሚ ሆኖ አንዱን ልጅ ብቻ ሂድና አምጣ የሚል ደንበኛ ሲመጣበት ነው የሚጨነቀው። ከእንግዲህ «ባይ ቨርቹ ኦፍ» ሲመጣ «መሠረት» እላለሁ፣ የመድኃኒት ከሆነ «ኃይል»፣ የጴጥሮስ ከሆነ «በጎነት»። ሴት ላይ ከመጣ መጀመሪያ ጻፊውን ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ልጅቱን ለጠየቃችሁኝ፦ ዛሬ መጥታ ነበር። ይህን ሁሉ ሰብስቤ ላነብላት ስዘጋጅ ቅጹን ረቡዕ ማታ እንዳስገባች ነገረችኝ፤ እኛ ገና «ሀ» ላይ ስንጣላ ማለት ነው። በአማርኛ አልጻፈችውም በመጨረሻ። እናቷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ከታንኳ ዓሣ ስትቀበል፣ ጀልባው ሲዘገይ ደግሞ ውኃው ዳር ቆማ ስትጠብቅ የነበረውን ጽፋ፣ ቨርቹውን «ስትሬንግዝ» ብላ ሰይማዋለች። ኃይል። ስለ 3 ስነግራት የማርቆስን ምዕራፍ በወረቀት ጻፍልኝ አለችኝ። የመጣችው ግን ለዚያ አልነበረም፤ የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ሁለት ኮፒ ፈልጋ ነው።

መልስ 32 አሁን ገባ። ቀረሶ ዓሣ ዛሬ ገበያው ላይ ስንት ገባ ይላል።